የይስሐቅ መታሰር በቪዲዮ ጨዋታ፤ ዘፍጥረት 22ን ለፈራ ልጅ ምን እንመልሳለን?

ባለፈው ዓመት የዘፍጥረትን ትምህርት በጨረስንበት ቀን፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን የታዳጊዎች አገልጋይ የሆነ ተማሪዬ ሌሎቹ ሲወጡ እርሱ ቀረ። ከሚያስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ «ጋሼ፣ እግዚአብሔር እኔን እንድትሠዋ እማዬን ቢያዛት ትታዘዛለች?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ልጁ ጥያቄውን ያገኘው ከስብከት አልነበረም፤ ከቪዲዮ ጨዋታ ነው። ተማሪዬ ደንግጦ እንዲህ ያለ ጨዋታ ዳግመኛ እንዳይጫወት መከረው። ጥያቄውን ግን ሳይመልስለት ልጁ ወደ ቤቱ ሄደ። «መምህር፣ ምን ልለው ይገባኝ ነበር?» አለኝ።

ወዲያው የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ዘፍጥረት 22ን ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ በእናቱ ፊት የሚፈራ ልጅ ሆኜ ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ለማወቅ ሞክሬአለሁ። የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ አለማመደኝ፤ ጣቶቼ ቀርፋፋ ስለሆኑ ከሁለተኛው ደረጃ ማለፍ አቃተኝና የቀረውን እርሱ ሲጫወት ተመለከትሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ጨዋታውን ላስተዋውቅ ወይም ላስወግዝ አይደለም። ጥያቄው ወደ ሌሎቻችሁም መምጣቱ ስለማይቀር ነው።

ጨዋታው «ዘ ባይንዲንግ ኦቭ አይዛክ» ይባላል፤ የይስሐቅ መታሰር ማለት ነው። የሠሩት ኤድመንድ ማክሚለን የተባለ አሜሪካዊ የጨዋታ ንድፍ ባለሙያና ፕሮግራመሩ ፍሎሪያን ሂምስል ሲሆኑ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ነው። እንደ አዲስ የተሠራው ቅጂ «ሪበርዝ» (ዳግም ልደት) በ2014፣ «ሪፔንታንስ» (ንስሐ) የተባለው ትልቅ ጭማሪ ደግሞ በ2021 ወጥቷል። ኢንዲ ከሚባሉት ጨዋታዎች ወገን ነው፤ ማለትም ትልቅ ኩባንያ ሳይቆምበት ጥቂት ሰዎች በራሳቸው የሠሩት ነው። ያም ሆኖ ሚሊዮኖች ገዝተውታል። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2012 ሃይማኖታዊ ይዘቱ አጠያያቂ ነው በሚል በኪስ ማጫወቻው ላይ እንዳይወጣ ከልክሎት ነበር። በ2015 ግን አዲሱን ቅጂ ራሱ ኒንቴንዶ ተቀበለው።

ማክሚለን በቃለ መጠይቆቹ እንደተናገረው፣ ያደገው ካቶሊኮችና «ዳግም የተወለድን» የሚሉ ወንጌላውያን ባሉበት ቤተ ሰብ ውስጥ ነው። ጭራቅ መሣል የሚወድ ልጅ ነበር፤ ከዘመዶቹ አንዳንዶቹም ሥዕሉንና ጨዋታውን እንደ ኃጢአት አዩበት። ይህን ልብ በሉ። የዚህ ጨዋታ ደራሲ ክርስትናን ከሩቅ ሆኖ የሚሳለቅ ሰው አይደለም፤ የእኛን ቋንቋ በልጅነቱ ሰምቶ ያደገ ነው።

በዘርፉ ጨዋታው «ሮግላይክ» ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980 ከወጣው «ሮግ» ከተባለ ጨዋታ ነው። የዚህ ዘርፍ ጨዋታዎች ሁለት ምልክት አላቸው። አንደኛ፣ ክፍሎቹ፣ ጠላቶቹና የሚገኙት ዕቃዎች በተጀመረ ቁጥር እንደ አዲስ ይደረደራሉ፤ ትናንት ያገኘኸውን መሣሪያ ዛሬ ላታገኘው ትችላለህ። ሁለተኛ፣ የሞተ ሰው ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። የወንድሜ ልጅ ከመቶ ጊዜ በላይ እንደሞተ ሲነግረኝ በኩራት ነበር። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ያ ልጅ በዚያ ምድር ቤት የሚደርስበትን አስቀድሞ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቃል የገባለትም የለም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ይስሐቅ የሚባል ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እርሱ ሥዕል ይሥላል፣ በመጫወቻዎቹ ይጫወታል፤ እናቱ በቴሌቪዥን የክርስቲያን ፕሮግራም ትከታተላለች። አንድ ቀን ከላይ ድምፅ ትሰማለች፤ ልጅሽ በኃጢአት ተበላሽቷል፣ አድኚው ይላታል። መጫወቻውን፣ ሥዕሉን፣ ልብሱን ሳይቀር ወሰደችበት። ድምፁ ዳግመኛ መጣ፤ ልጁ ገና አልነጻም፣ በዓለም ካለው ክፉ ሁሉ ለዪው አላት። ክፍሉ ውስጥ ቆለፈችበት። በሦስተኛው ጊዜ ድምፁ ፍቅርሽንና እምነትሽን ለማየት ልጅሽን ሠዊልኝ አለ። እናት የወጥ ቤት ቢላ አነሣች። በበሩ ስንጥቅ ያያት ልጅ ከምንጣፉ ሥር ያለውን የወለል ክዳን ከፍቶ ወደ ምድር ቤቱ ዘለለ። ጨዋታው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ በሦስተኛው ድምፅ ላይ ይደነግጣሉ። እኔን ያስደነገጡኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ እነዚያን በቤታችን አውቃቸዋለሁ። በጸሎት ፕሮግራም ላይ በተነገረ ቃል የልጅ መጫወቻ ሲቃጠል፣ «ከዓለም ለመለየት» ሲባል ልጅ ከጓደኞቹ ሲነጠል አይተናል፤ አንዳንዶቻችንም አዝዘናል። ሦስተኛውን ድምፅ ማንም እሺ እንደማይል እርግጠኛ ነኝ። ነገር ግን ለልጁ ሦስቱም የሚመጡት ከአንድ አፍ ነው። ሁለቱን ያለ ጥያቄ የታዘዘች እናት ሦስተኛውን በምን ትመረምረዋለች ብሎ ቢጠይቅ አልተሳሳተም።

በምድር ቤቱ ልጁ የሚዋጋው በእንባው ነው። ዋናው መሣሪያው ይህ ነው፤ እያለቀሰ እንባውን በጠላቶቹ ላይ ይወረውራል። የሚያገኛቸው ዕቃዎች ልጁን ያጠነክሩታል፤ ከእነርሱም መካከል ቀበቶና የእንጨት ማማሰያ አሉ። ሁለቱም ልጁን ፈጣን ያደርጉታል። ማብራሪያ አልተጻፈበትም፤ የተገረፈ ልጅ ለምን መሮጥ እንደሚለምድ ለማንም አይጠፋውም። ጠላቶቹ ከእኛው መጽሐፍና ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ናቸው፦ ሰባቱ ዋና ኃጢአቶች፣ የራእይ ፈረሰኞች፣ በመጨረሻም ራሷ እናቱና ሰይጣን። ከጥልቁ ደረጃዎች አንዱ «ሲኦል» ይባላል። ተጫዋቹ በይስሐቅ ምትክ መግደላዊትን፣ ቃየንን፣ ይሁዳን፣ ሔዋንን፣ ሳምሶንን ወይም አልዓዛርን መምረጥ ይችላል። ሁሉም ግን ያው ልጅ ናቸው፤ ዊግ አጥልቆ ወይም ዓይኑን ሸፍኖ በመጽሐፍ ቅዱስ ኃጢአተኞች መልክ ራሱን የሚያይ ልጅ። አልዓዛር አንድ ጊዜ ሞቶ ይነሣል፤ ሳምሶን ሲቆስል ይበረታል፤ ይሁዳ ብርቱ ሲሆን ሕይወቱ ግን ጥቂት ናት። መጻሕፍቱን በደንብ የሚያውቅ ሰው የሠራው እንደሆነ አይካድም።

ፍጻሜዎቹ ብዙ ናቸው። በአንዱ እናት ቢላዋን ስታነሣ መጽሐፍ ቅዱስ ከመደርደሪያው ወድቆ ራሷን ይመታታል። ይህ በግልጽ የዘፍጥረት 22፥11 ቀልድ ነው፤ መልአኩ በሚጠራበት ቦታ መጽሐፉ ይወድቃል። ቀልዱ ግን ይነክሳል፤ ልጁን ያዳነው የመጽሐፉ ክብደት እንጂ በውስጡ ያለው ቃል አይደለም። ከዚያም እናቲቱ ቢላዋን ይዛ ትመለሳለች። በሌላ ፍጻሜ ልጁ ራሱን በመጫወቻ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ብዙ ተጫዋቾች ምድር ቤቱ በሙሉ በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለ ልጅ ሐሳብ እንደሆነ ይረዱታል። በ2021ዱ ጭማሪ ደግሞ የእናትና የአባት ጥል ይሰማል፣ አባት ቤቱን ጥሎ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ታሪኩን ሲተርክ የቆየው ድምፅ የአባቱ እንደሆነ ይታወቃል። አባትየው ታሪኩ እንዲህ እንዲያልቅ ትፈልጋለህን ብሎ ልጁን ይጠይቀዋል።

እንግዲህ ወደ ጽሑፉ እንመለስ። የዕብራይስጡ ቃል «ዐቄዳ»፣ መታሰር ማለት ሲሆን የአይሁድ ትውፊት ምዕራፉን በሙሉ በዚህ ስም ይጠራዋል። በቁጥር 9 ላይ አብርሃም ልጁን አሰረ የሚለው ግስ በመላው ብሉይ ኪዳን ሌላ ቦታ አይገኝም። የእኛ ሥዕሎችም ጨዋታውም ይስሐቅን ሕፃን አድርገው ያሳያሉ፤ ጽሑፉ ግን እንዲህ አይልም። በቁጥር 5 እና 12 «ብላቴና» የተባለበት ቃል በቁጥር 3 ለሁለቱ አገልጋዮች ከተነገረው ጋር አንድ ነው፤ ለመሥዋዕት የሚበቃ እንጨት ተሸክሞ ተራራ የወጣም እርሱ ነው። ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ተብሎ በሚታወቅ መጽሐፍ ሳይሆን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ በጻፈው የአይሁድ ጥንታዊ ታሪክ፣ ይስሐቅ በዚያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር ይላል፤ ረቢዎቹም ሠላሳ ሰባት ያደርሱታል። ቁጥሮቹን መቀበል የለብንም። ይስሐቅ ከሽማግሌ አባቱ መሮጥ የማይችል ሕፃን እንዳልነበረ ግን ያስታውሱናል።

ከዚህ የሚበልጠው የድምፁ ጉዳይ ነው። በዘፍጥረት 22 ድምፁ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በቁጥር 1 ተራኪው ይህ ፈተና እንደሆነ ለአንባቢው አስቀድሞ ይነግረዋል፤ አብርሃም የማያውቀውን እኛ እናውቃለን። በቁጥር 2 ትእዛዙ ይመጣል፤ በዕብራይስጡ የልመና ቃና ያለው «ና» የምትባል ትንሽ ቃል ታክላበታለች፤ እባክህ እንደማለት ናት። በቁጥር 11 የእግዚአብሔር መልአክ አብርሃምን ስሙን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ይጠራዋል፣ እጁንም ያስቆመዋል። ምዕራፉ ትርጉሙን የሚያገኘው ከዚህ ከሚያስቆመው ድምፅ ነው። በጨዋታው ድምፁ ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ ሦስቱም ይወስዳል፣ የሚያስቆም የለም። ማክሚለን ዘፍጥረት 22ን እስከ ቁጥር 10 አንብቦ የዘጋው ይመስላል። ወይም፣ ይህ ደግሞ የበለጠ ያሳዝነኛል፣ ያነበቡለት ሰዎች እዚያ ላይ ዘግተውበት ይሆናል።

በፍልስፍናም ጥያቄው የቆየ ነው። ካንት በ1798 ባሳተመው «የፋኩልቲዎች ክርክር» አብርሃም ለድምፁ ሊመልስ የሚገባውን ይነግረናል፤ ልጄን መግደል እንደማይገባኝ እርግጠኛ ነኝ፣ አንተ እግዚአብሔር መሆንህን ግን እርግጠኛ አይደለሁም ማለት ነበረበት ይላል። ኪርከጎር በ1843 «ፍርሃትና መንቀጥቀጥ» በተባለው መጽሐፉ ከዚህ ተቃራኒውን ይዞ፣ እምነት ከሥነ ምግባር ሕግ በላይ የሚቆምበት ጊዜ እንዳለ ይሟገታል፤ አብርሃምን ግን ማንም ሰባኪ በቀላሉ ሊያወድሰው እንደማይችል ያስጠነቅቃል። ጨዋታው ከካንት ጋር ይቆማል። እኛ ብዙ ጊዜ ኪርከጎርን ሳናነብ ከኪርከጎር ጋር እንቆማለን፤ ማስጠንቀቂያውን ትተን።

ለእኔ መልሱ ከሁለቱም ሳይሆን ከራሱ ከመጽሐፉ ይመጣል። እግዚአብሔር ከአብርሃም በኋላ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ዘሌዋውያን 18፥21 እና 20፥2–5 ልጅን ለሞሎክ መስጠትን በሞት ያስቀጣል። ዘዳግም 12፥31 አሕዛብ ልጆቻቸውን ማቃጠላቸውን እግዚአብሔር የሚጠላው ርኵሰት ይለዋል፤ ወዲያው በምዕራፍ 13 ምልክት አድርጎ የተሳካለት ነቢይ እንኳ ወደ ሌላ አምላክ ከወሰደ እንዳይሰማ ያዝዛል። የሁለቱ ጉርብትና በአጋጣሚ አይመስለኝም። ኤርምያስ 7፥31 ደግሞ ከሁሉ ይበረታል፤ ሕዝቡ በሄኖም ልጅ ሸለቆ ልጆቹን ያቃጠለው ምናልባት እግዚአብሔር ያዘዘ መስሎት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን አላዘዝሁም፣ በልቤም አልገባም ይላል። ዮፍታሔ በመሳፍንት 11 ሲሳል ያዘዘው ድምፅ አልነበረም፤ ያስቆመውም መልአክ አልመጣም፤ ጽሑፉም አያመሰግነውም። የአብርሃም ትእዛዝ እንግዲህ ሁላችን እንድንጠብቀው የተሰጠ ምሳሌ አይደለም። አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰው፣ በተስፋው ታሪክ ውስጥ የሆነ ነው፤ ወደ ሮሜ 8፥32 ያመራል፤ በዚያም ልጁን ያልራራለት እግዚአብሔር ራሱ ነው። በጉንም ያዘጋጀው እርሱ ነው። (ዕፀ ሳቤቅ የምንለው ስም የመጣው የግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም «ሳቤቅ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ሳይተረጉም የተክል ስም አድርጎ ስለተወው ነው፤ ቃሉ በዕብራይስጥ ቁጥቋጦ ማለት ነው። ለስብከት የሚሆን ምስጢር ለምትፈልጉ ይቅርታ።)

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ደስ አያሰኝም። «ይስሐቅህን አምጣ» የሚለውን ስብከት እናውቀዋለን። ስለ ቤት፣ ስለ መኪና፣ ስለ ሕንፃ መሥሪያ ስጦታ ሲሰበክ ሰምቼዋለሁ፤ በወጣትነቴ እኔም ሰብኬዋለሁ። አዋቂው ይስሐቅ ማለት ገንዘብ እንደሆነ ይገባዋል። በሦስተኛው ወንበር ከእናቱ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ግን ይስሐቅ ልጅ እንደሆነ ያውቃል፤ እናቱ «አሜን» ስትልም ይሰማታል። እስከ ቁጥር 14 ሳንደርስ ያቆምነው ስብከት ለእርሱ የጨዋታው መግቢያ ነው።

ጨዋታውን ከዚህ በላይ ላወድሰው አልችልም። ደምና ቆሻሻ ይበዛበታል፤ የተበላሹ አካላት፣ እዳሪ፣ ዝንብ በየክፍሉ አለ፤ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አልመክረውም። ከዲያብሎስ ጋር ውል የሚደረግባቸው ክፍሎች አሉ፤ ተጫዋቹ ከልቦቹ ከፍሎ ብርቱ ዕቃ ይወስዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያዋጣል። የወንድሜ ልጅ ሳያቅማማ ነበር የሚከፍለው። መጽሐፍ ቅዱስም አንድ ዕቃ ሆኖ ይገኛል፤ በእናቱ ላይ ሲጠቀሙበት ወዲያው ይገድላታል፣ በሰይጣን ላይ ሲጠቀሙበት ግን የሚሞተው ተጫዋቹ ነው። ይህን ሳይ በመጀመሪያ ተቆጣሁ። ቆይቼ መጽሐፍ ቅዱስን ሕፃን እንዳይባንን ትራስ ሥር የምናኖር እኛ እንደሆንን አሰብሁ። በጨዋታው የጎደለው ዋናው ነገር ግን ይህ አይደለም። እንባው ለማንም አይፈስስም። መዝሙር 56፥8 እግዚአብሔር እንባን እንደሚያከማች ይናገራል፤ የጨዋታው ይስሐቅ ግን ያለቅሳል እንጂ የሚሰማው የለም። በዘፍጥረት 22፥7 ይስሐቅ አባቱን ጠርቶ በጉ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ አባቱም «ልጄ» ብሎ ይመልስለታል። በጨዋታው ልጁ እምብዛም አይናገርም።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ልጁን እንዲህ በለው አልሁት፦ አይሆንም፣ እግዚአብሔር እናትህን እንዲህ አይጠይቃትም፤ እንዲህ የሚል ድምፅ ቢመጣ የእርሱ አይደለም፤ እናትህም መታዘዝ የለባትም። «የእግዚአብሔርን ሉዓላዊነት አልወሰንኩም ወይ?» አለኝ። አልወሰንክም፤ ራሱ በኤርምያስ አፍ የተናገረውን ደገምህ እንጂ። በመጀመሪያ «አይሆንም» ይምጣ፣ ማብራሪያው ይከተል። ልጅ ከፍርሃት ጋር ሆኖ ረጅም ነገረ መለኮት አይሰማም።

ሁለተኛው ነገር መጠየቅ ነው። ልጁ ይህን ለምን ጠየቀ? ቤቱ ውስጥ ምን ሆነ? ዱላ ካለ፣ የሚያስፈራ ነገር ካለ፣ እጅ ጭኖ ጸልዮ መላክ አይበቃም፤ ልጁን ሊጠብቁ ወደሚችሉ ሰዎች መድረስ አለበት። ማቴዎስ 18፥6 ለአገልጋዮችም የተነገረ ነው። ተማሪዬ ሲጠይቅ ያገኘው ዱላ አልነበረም። እናቲቱ በአንድ የጸሎት ፕሮግራም በተነገራት ቃል የልጁን የሥዕል ደብተር ወስዳ አቃጥላ ነበር፤ ጭራቆች ስለሣለበት። ልጁ ጨዋታውን በጓደኛው ቤት ያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ መግቢያውን ሲያይ የራሱ ቤት መሰለው። ከእናቲቱ ጋር የተደረገው ንግግር ቀላል አልነበረም፤ ልጇን የምትወድ፣ ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ የሠራችውም ስለ ፈራች ነው። ኤፌሶን 6፥4ን አብረው አነበቡ። በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ደብተር ገዝታለት ነበር፤ ምን እንደሚሣልበት ግን እስካሁን ትመለከታለች።

ከልጁ ጋር ደግሞ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ቁጥር 19 ላይ ሲደርሱ ልጁ አስቆመው። ጽሑፉ አብርሃም ወደ አገልጋዮቹ ተመለሰ ይላል እንጂ ይስሐቅን አይጠቅስም። «ጋሼ፣ ይስሐቅስ? ሲወርዱ ከአባቱ ጋር ተነጋገሩ?» ተማሪዬ እንደገና ወደ እኔ መጣ። በቁጥር 5 አብርሃም እንመለሳለን ብሎ በብዙ ቁጥር እንደተናገረ፣ ዕብራውያን 11፥19ም ይህን ከትንሣኤ ተስፋ ጋር እንደሚያያይዘው ነገርሁት። ዘፍጥረት 31፥42 ላይ ያዕቆብ የአባቱን አምላክ «የይስሐቅ ፍርሃት» ብሎ እንደሚጠራውም ጠቆምሁት። በመንገድ ላይ ስለተነጋገሩት ግን አልተጻፈም፤ አልተጻፈም ብለህ ንገረው አልሁት።